ለፌዛንት አደን የትኛው ትንሽ ጌጅ ይሻላል? የአንድ ጥያቄና የ36 መልሶቹ ክር

በጥቅምት መጀመሪያ የጻፍኩት ጥያቄ 36 መልስ ስላገኘ፣ አዲስ የሚገቡ አንባቢዎችም ከላይ የተመለሰውን ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ ክሩን ከጥግ እስከ ጥግ እንደገና አንብቤ ፍሬ ነገሩን በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ሐሳቤ ተጣሞብኛል የሚል ሰው ካለ ቅሬታው እኔን ይመለከታል። የመልሶቹን ቁጥር የጠቀስኩት ማመሳከር ለሚፈልግ እንዲመች ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ፦

የምኖረው በሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ነው። በአንድ የሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ውስጥ 11 ዓመት ቢላ ይዤ ስለቆምኩ ቀኝ ትከሻዬ ተጎድቷል። አምና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፌዛንት ለማደን ይዞኝ ወጣ። ፌዛንት ዶሮ የሚያህል፣ ጭራው ረጅም፣ አውራው በአንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ወፍ ነው፤ ከእስያ መጥቶ እዚህ ከመላመዱ የተነሣ የግዛቲቱ ወፍ እስከ መባል ደርሷል። የመጀመሪያው የአደን ወቅት የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ1919 በስፒንክ ካውንቲ ነበር። ባልደረባዬ ባዋሰኝ 12 ጌጅ ሾትጋን፣ ማለትም በአንድ ጥይት ብዙ ጥቃቅን ፍሬ በሚተፋ ጠመንጃ (ጌጅ የበርሜሉ ስፋት መለኪያ ነው)፣ ዘጠኝ ጊዜ ተኩሼ ሁለት ወፍ ጣልኩ፤ ማታ ቤት ስገባ ግን ጃኬቴን ለመስቀል እጄን ማንሳት አቃተኝ። ዘንድሮ የራሴን መግዛት እፈልጋለሁ። የምገዛው አንድ ብቻ ነው፤ የ14 ዓመት ልጄም የአደን ደኅንነት ትምህርቷን ስለጨረሰች አብራኝ ትወጣለች። ጌጁ ባነሰ ቁጥር የሰደፉ ምት ስለሚቀንስ፣ በተቻለ መጠን ቀላል የሆነ 20 ጌጅ፣ 28 ጌጅ ወይም 410 ጌጅ ለመግዛት አስቤያለሁ። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

መልሶቹ፦

1ኛው መልስ የመጣው ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ጸሐፊው እንኳን ለዚህ አበቃህ ብለው ከመረቁኝ በኋላ፣ ስለ ጠመንጃ ከመነጋገራችን በፊት በስንት ያርድ ርቀት እንደምተኩስ፣ ውሻ ይኖረኝ እንደሆነና የማድነው በግል እርሻ ላይ ይሁን በሕዝብ መሬት ጠየቁኝ። በ2ኛው መልስ የምተኩሰው ከ20 እስከ 35 ያርድ እንደሆነ፣ ውሻው የባልደረባዬ ያረጀ ላብራዶር እንደሆነና የማድነውም በአብዛኛው በሕዝብ መሬት፣ ረግረጉን በከበበው ደንገል ውስጥ እንደሆነ ገለጽኩ። ስለ መሬቱ የተጠየቅኩትን ያን ጊዜ እንደ ትሕትና ጥያቄ ነበር የቆጠርኩት፤ ኋላ 14ኛው መልስ ላይ ስደርስ ግን ዋናው ነገር እሱ ሆኖ አገኘሁት።

3ኛው መልስ የመጀመሪያውን ስሕተቴን በጨዋ ቋንቋ አረመ። 410 ጌጅ የሚባል ነገር የለም። ጌጅ ማለት አንድ ፓውንድ እርሳስ በርሜሉ ውስጥ ልክ ወደሚገቡ ስንት እኩል ኳሶች እንደሚከፋፈል የሚናገር ቁጥር ነው። 12 ከሆኑ እያንዳንዱ ኳስ ትልቅ ነው፣ በርሜሉም 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ 20 ሲሆኑ ወደ 15.6፣ 28 ሲሆኑ ወደ 14 ይወርዳል። 410 ግን የኢንች ክፍልፋይ ነው፤ የበርሜሉ ስፋት 0.410 ኢንች፣ ማለትም 10.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጌጅ ቢሰላ 67 አካባቢ ይሆን ነበር።

4ኛው ጸሐፊ ይህን ሲያነቡ 28 ከ20 የሚበልጥ መስሏቸው ገዝተው እንደነበር፣ ለሁለት ዓመት ያህልም በትልቁ ጠመንጃቸው ሲኮሩ እንደኖሩ ተናዘዙ። ክሩ የሳቀው እዚህ ላይ ነው።

5ኛው መልስ ላይ ሳቁ ቆመ። እኚህ ሰው በ1ኛውና በ3ኛው መልስ የታየውን የአክብሮት አነጋገር ወደ ጎን ትተው በቀጥታ አንተ ብለው ጀመሩኝ፤ የጥያቄዬ መሠረት የተሳሳተ መሆኑንም ያለ ምንም ማለሳለሻ ነገሩኝ። ክርክራቸው ይህን ይመስላል። ትከሻን የሚመታው ጌጁ አይደለም። የሚመታው ከአፈሙዙ የሚወጣው ክብደትና ፍጥነት ነው፤ ያንን ምት የሚውጠው ደግሞ የጠመንጃው ክብደት ነው። 28 ግራም እርሳስ በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚተፉ ሁለት ጠመንጃዎች ቢኖሩ፣ አንዱ 7 ፓውንድ ተኩል የሚመዝን 12 ጌጅ፣ ሌላው 5 ፓውንድ ተኩል የሚመዝን 20 ጌጅ ቢሆን፣ ትከሻ የሚሰብረው ትንሹ ነው። ስለዚህ ጌጁንም ክብደቱንም አብሮ መቀነስ የፈለገ ሰው በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው እየነጠቀ ነው። አምና የተኮስኩትን ጥይት ዓይነትም ጠየቁኝ። ሳጥኑን ከጋራዥ አውጥቼ ሳየው 35 ግራም የሚተፋ፣ ፈጣን የሚባለው ዓይነት ነበር። ትከሻዬን የገደለው 12 የሚለው ቁጥር ሳይሆን ያ ሳጥን ኖሯል።

እኚሁ ሰው አንድ የድሮ መለኪያ ጨመሩ። የእንግሊዛዊው ጠመንጃ ሠሪ የግሪነር ነው በሚባለው በዚህ ሕግ መሠረት ጠመንጃ የሚተፋውን እርሳስ 96 እጥፍ ሊመዝን ይገባዋል። ለ⅞ አውንስ (25 ግራም) 5 ፓውንድ ከሩብ፣ ለ1 አውንስ (28 ግራም) 6 ፓውንድ፣ ለ1¼ አውንስ (35 ግራም) 7 ፓውንድ ተኩል መሆኑ ነው። ይህ ጤነኛ ትከሻ ላለው ሰው የተቀመጠ ዝቅተኛ ልክ ስለሆነ የእኔ ከዚህ በላይ መክበድ እንዳለበት፣ ቀላል ጠመንጃ የሚያስፈልገውም ቀኑን ሙሉ ተራራ ለሚወጣ ሰው እንጂ ሜዳ ላይ ለሚሄድ ሰው እንዳልሆነ አስረግጠው ጨረሱ።

6ኛው መልስ የእኔ ነበር። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል፤ ትምህርቱን ከመቀበል ይልቅ ስለ አነጋገሩ አማረርኩ። በ7ኛው መልስ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ የሚመስሉ ሰው ገብተው፣ የ5ኛው ጸሐፊ ቁጣ የሚቆረቆር ሰው ቁጣ መሆኑን፣ ለትከሻዬ ባያስብ ኖሮ ያን ሁሉ እንደማይጽፍ ነግረው አስታረቁን።

8ኛው ጸሐፊ የ28 ጌጅ አፍቃሪ ናቸው። የሚኖሩት ቴክሳስ ነው፤ የሚያድኑትም ቦብዋይት የሚባለውን ድርጭት ነው። በ28 ጌጅ የተለመደው ጥይት ¾ አውንስ (21 ግራም) እርሳስ ሲይዝ፣ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ የሚይዘው ቁመት ከበርሜሉ ስፋት ጋር ስለሚቀራረብ ፍሬዎቹ ተደቁሰው ሳይጣመሙ ይወጣሉ፤ በዚህም ምክንያት 28 ጌጅ ከቁጥሩ በላይ ይሠራል የሚለውን የቆየ እምነት በጥሩ ቋንቋ አብራሩ። ጠመንጃቸውን ሲገልጹ ሰው ስለ ፈረሱ የሚያወራ ነበር የሚመስሉት። ውበቱን አልክድም፤ አንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ይዤ አይቻለሁ፣ ከእጅ ላይ ማስቀመጥ ያሳዝናል።

9ኛው መልስ ግን እምነቱን በቁጥር ፈተነው። 6 ቁጥር እርሳስ (ቁጥሩ የፍሬውን መጠን ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል) በአንድ አውንስ ውስጥ 225 ገደማ ፍሬ አለው። እንግዲህ 1¼ አውንስ የሚተፋው 12 ጌጅ 281፣ ⅞ የሚተፋው 20 ጌጅ 197፣ ¾ የሚተፋው 28 ጌጅ 169፣ ½ የሚተፋው አጭሩ 410 ደግሞ 112 ፍሬ ይልካሉ። ጸሐፊው ሁለት የተለመዱ ስሕተቶችንም አብረው ነቀሉ። አንደኛው፣ የትንሽ ጌጅ ፍሬ ደካማ ነው የሚለው ነው፤ መጠኑና ፍጥነቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ከ28 የወጣ 6 ቁጥር ፍሬ ከ12 ከወጣው እኩል ይመታል። ሁለተኛው፣ ትንሽ በርሜል ፍሬውን ጠበብ አድርጎ ይልካል የሚለው ነው፤ የፍሬውን መበተን የሚወስነው የአፈሙዙ መጥበቢያ፣ ማለትም ቾክ የሚባለው፣ እንጂ የበርሜሉ ስፋት አይደለም። በአንድ ዓይነት ቾክ የሁሉም ብትን ስፋቱ ይቀራረባል፤ የትንሹ ጌጅ ግን በመሐሉ ክፍተት ይበዛዋል። ድርጭት በ20 ያርድ ለሚተኩስ ሰው ክፍተቱ አይታወቅም። አጥንቱ የጠነከረ፣ ላባው የወፈረ አውራ ፌዛንት በ35 ያርድ ሲሆን ግን በክፍተቱ ውስጥ ያልፋል፣ ወይም ቆስሎ ደንገል ውስጥ ይጠፋል። የ8ኛው ጸሐፊ መልስ አልሰጡም፤ የጠመንጃቸውን ፎቶ ብቻ ለጠፉ።

ስለ 410 የተነገረውን በአጭሩ ልለፈው። 10ኛው ጸሐፊ 410 ምቱ ትንሽ ስለሆነ ለልጅና ለጀማሪ ይሰጣል፣ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ግን የሚገባው ለአዋቂ ነው አሉ፤ ልጅ በ410 አሥር ጊዜ ስታ አደን ከመጥላት በቀር የምታተርፈው የለም። 11ኛው ቲ.ኤስ.ኤስ. የሚባለውን የተንግስተን ፍሬ አነሡ፤ ክብደቱ ከእርሳስ በጣም ስለሚበልጥ ደቃቅ ፍሬ ርቆ እንዲገድል ያደርጋል። 12ኛው ደግሞ በዚያ ዋጋ ወፉን ሳይሆን በግ ገዝቶ ማረድ እንደሚቻል አስታወሱ።

13ኛው መልስ ከጀርመን ነው። ጸሐፊዋ የዚያን አገር ረጅም የአደን ፈተና ያለፉ እኅት ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በረግረግ ቦታዎችና በዙሪያቸው 100 ሜትር ውስጥ የእርሳስ ፍሬ መተኮስ መከልከሉን ነግረውን፣ አሮጌ ጠመንጃ ለመግዛት የሚያስብ ሰው በርሜሉ የብረት ፍሬ መቻሉን የሚያሳየውን፣ የአበባ ቅርጽ ያለውን የፍተሻ ማኅተም እንዲፈልግ መከሩ። ማኅተሙ የአውሮፓ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጠመንጃ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ አምራቹን መጠየቅ ነው።

14ኛው መልስ ይህንን ወደ እኔ መንደር አመጣው። አሜሪካ ውስጥ ለዳክዬና ለዝይ አደን እርሳስ በመላው አገሪቱ ከተከለከለ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ፌዛንት በእርሳስ መምታት ግን በግል መሬት ላይ እስከ ዛሬ ይቻላል። ነገር ግን የፌዴራሉ መንግሥት ለውኃ ወፎች መራቢያ ብሎ በያዛቸው መሬቶች ላይ ለማንኛውም ወፍ መርዛማ ያልሆነ ፍሬ መያዝ ግዴታ ነው። እኔ የማድንበት ደንገል ይኸው መሬት ነው። በሌላ አነጋገር እስከ 12ኛው መልስ ድረስ በእርሳስ ያሰላነው ሁሉ ለእኔ ግማሽ እውነት ነበር። ብረት ከእርሳስ በጣም ስለሚቀል ቶሎ ይደክማል፤ ለማካካስ በሁለት ቁጥር የሚተልቅ ፍሬ፣ ማለትም በ6 ቁጥር እርሳስ ፈንታ 4 ቁጥር ብረት ይወሰዳል። ፍሬው ሲተልቅ ደግሞ ብዙ ቦታ ይፈልጋል፤ ጠባቧ የ28 ጥይት ቦታ የላትም። ቢስመዝ የሚባለው ማዕድን ለእርሳስ ስለሚቀርብና በርሜል ስለማይጎዳ መፍትሔ ይሆናል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። 3 ኢንች የሚረዝም ጥይት የሚጎርሰው፣ ባለ 3 ኢንች የሚባለው 20 ጌጅ ብረት ይዞ ወፍ ሊጥል የሚችል የመጨረሻው ትንሽ ጠመንጃ ነው ብለው ደመደሙ። 28 ጌጅ ከልቤ የወጣው ያን ዕለት ነው።

15ኛውን መልስ ቸኩላችሁ እንዳታልፉት እለምናለሁ። ጸሐፊው 12 ጌጅ ይዘው ከወንድማቸው ልጅ ጋር ያድኑ ነበር፤ ልጁ የያዘው 20 ጌጅ ነው። በዕረፍት ሰዓት ጥይታቸውን በአንድ ሰደርያ ኪስ ያስቀምጣሉ። ከሰዓት በኋላ ወፍ ይነሣል፣ ቃታ ይሳባል፣ ጠመንጃው ግን ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ሰውየው ጠመንጃውን ከፍተው ቢያዩ ጥይት የለም። ሳያጎርሱ የቀሩ መስሏቸው ሌላ ሊያጎርሱ ሲሉ የወንድማቸው ልጅ እጃቸውን ያዘ፤ ሲያጎርሱ ጣታቸው ላይ ቢጫ ነገር አይቶ ነበርና። በርሜሉን ከጠመንጃው ነቅለው ወደ ሰማይ ቢያዩበት ብርሃን የለም። የ20 ጌጅ ጥይት ከ12ቱ መጉረሻ አልፎ ጥቂት ኢንች ወደ ፊት ተንሸራቶ በርሜሉ ውስጥ ተወትፏል። ከኋላው የ12 ጥይት ቢገባና ቢተኮስ ኖሮ በርሜሉ የሚፈነዳው ልክ ግራ እጃቸው የሚይዝበት ቦታ ላይ ነበር። በመወልወያ ዘንግ ገፍተው ሲያወጡት ላብ እስከ ጫማቸው ወርዶ እንደነበር ጽፈዋል። የ20 ጌጅ ጥይት ቀለህ ቢጫ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ 28ቱም 20ው ውስጥ እንዲሁ ሊወተፍ ይችላል፣ ለእርሱ ግን እንደ ቢጫው የታወቀ የማስጠንቀቂያ ቀለም የለውም። ባልደረባዬ 12፣ እኔ 20 ስለምንይዝ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥይታችን በአንድ ኪስ ቀርቶ በአንድ መኪና ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ከ16 እስከ 18 ያሉት መልሶች አገር ቤት ገቡ። 16ኛው ጸሐፊ በልጅነታቸው አባታቸው ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ይዘው አዋሽ ዳር ጅግራ ሲመቱ፣ እርሳቸው ባዶ ቀለህ እየለቀሙ የባሩዱን ሽታ ሲያሸቱ እንደነበር በሚያምር ሁኔታ አወሩ፤ በክረምት መጨረሻ ወደ ጀማ ሸለቆ ሄዶ ቆቅ ማደን ምን ያህል ደስ እንደሚልም ጨመሩ። 17ኛው መልስ እንደ መብረቅ ወረደባቸው። በጀማና በዓባይ ሸለቆዎች የሚገኘው አንዱ የቆቅ ዝርያ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ፣ ቁጥሩም የሚያሰጋ መሆኑን፣ አገር ቤት ከዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይወጣ የሚደረግ አደን ሕገ ወጥ መሆኑን፣ ናፍቆትም ሰበብ እንደማይሆን ጻፉ። በ18ኛው መልስ የ16ኛው ጸሐፊ ያወሩት ስለ ደርግ ዘመን እንጂ ስለ ዛሬ እንዳልሆነ አስረድተው ይቅርታ ጠየቁ። የ17ኛው ጸሐፊ ትክክል ነበሩ፤ በትንሽ ለዘብታ ቢናገሩት ግን ያንን የባሩድ ሽታ ታሪክ እስከ መጨረሻው እንሰማው ነበር።

19ኛው ጸሐፊ ለምን ማንም ሰው 16 ጌጅን እንዳላነሣ በመገረም፣ አያያዙ እንደ 20 ቀላል፣ ሥራው እንደ 12 ብርቱ ስለሆነው ጠመንጃ፣ በተለይም ስለ ብራውኒንግ የቀድሞ 16 ጌጅ፣ አራት አንቀጽ ጻፉ። 20ኛው መልስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ጥይቱ ከየት ይገዛል? በእኔ ከተማ መደርደሪያ ላይ 20 ጌጅ በየዓይነቱ ይገኛል፤ 28 ጥቂት ሳጥን አለ፣ ዋጋውም ይበልጣል፤ 16 ያየሁት አንድ ጊዜ ነው።

ከ21 እስከ 23 የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ተነሣ። መልሱ አጭር ነው፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ ሁሉ 4473 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ፣ ማጣሪያውን አልፎ መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው በመርሕ ደረጃ አይችልም፣ ከልዩ ሁኔታዎቹ አንዱ ግን የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው።

24ኛው መልስ በጥይት የወደቀ ወፍ ሳይባረክ ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ክሩም ለአንድ ቀን ያህል ሃይማኖት ሆነ። አንድ ሙስሊም ወንድም ከመተኮሳቸው በፊት ቢስሚላህ እንደሚሉ፣ ወፉ ነፍሱ ካልወጣም ወዲያው እንደሚያርዱት ገለጹ። አንዲት እናት ደግሞ የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው እንደፈቱት ጽፈዋል። 25ኛው መልስ ነገሩን ወደ ድስቱ አወረደው፤ ፌዛንት እንደ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል ወይ? ይወጣዋል፤ ነገር ግን ሴቷን መግደል የተከለከለ ስለሆነ፣ ተቆጣጣሪ ሲያቆማችሁ አውራ መሆኑ እንዲታወቅ ጭንቅላቱን ወይም ባለ ሹሉን እግር ወይም ላባ ያልተነጨ ክንፉን ሳትቆርጡ ቤት መድረስ አለባችሁ። ብልት ማውጣት ከዚያ በኋላ ነው። በተጨማሪም ወቅቱ የሚከፈተው በጥቅምት ሦስተኛው ቅዳሜ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሲሆን የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ፣ ጾመኛ አዳኝ በእጁ ያለው አምስት ሳምንት ገደማ ነው። የቀረው እስከ ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። 26ኛው መልስ ከሁሉም የሚጠቅም ነበር፦ በብረት ፍሬ የተመታ ሥጋ ከመቀቀሉ በፊት ማግኔት ቀረብ ይደረግበት፤ የእርሳስ ፍሬ ቢነከስ ይለመጣል፣ የብረቱ ግን ጥርስ ያወልቃል።

ከ27 እስከ 30 ያሉት አራት መልሶች ጠብ ናቸው። በጋዝ የሚሠራ ከፊል አውቶማቲክ ሾትጋን የምቱን ስለት ስለሚያደክም ለታመመ ትከሻ ከእርሱ የተሻለ የለም የሚሉትና፣ በርሜሎቹ ተነባብረው ከመሐሉ የሚታጠፈው ጠመንጃ ሲከፈት ባዶነቱ ለሁሉ ሰው ስለሚታይ ከልጅ ጋር ለሚያድን ሰው ከእርሱ የተሻለ የለም የሚሉት ተጋጩ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። 29ኛው ግን ስለ ጠመንጃ ሳይሆን ስለ 28ኛው ጸሐፊ ትምህርት ደረጃ የተጻፈ ነበር፤ አወያዩ ግማሹን አጠፉት።

31ኛው መልስ ጠቡን ሳያስቡት ፈረዱበት። ጸሐፊዋ በሲያትል ወንድ ልጃቸውን ዒላማ ተኩስ ያስተማሩ እናት ናቸው። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ስለ አባትየው ትከሻ እንደሆነ፣ ልጂቱን ማንም እንዳልጠየቀ ታዝበው፣ መጀመሪያ የትኛው ዓይኗ እንደሚመራ እንድፈትሽ አዘዙኝ። ሁለቱን እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ በመዳፎቿ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ትሠራለች፣ ሁለቱን ዓይኖቿን ገልጣ በቀዳዳው የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፣ ከዚያ ተራ በተራ ትጨፍናለች፤ ሰዓቱ የጠፋበት ዓይን፣ ሲጨፈን ማለት ነው፣ መሪው እርሱ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ አቁሜ ሞከርኳት። ግራ ዓይኗን ስትጨፍን ሰዓቱ ጠፋ። በቀኝ እጇ የምትጽፍ ልጅ በግራ ዓይኗ ታልማለች። ይህች ልጅ በግራ ትከሻዋ መተኮስ ትማር እንደሆነ ቀለሁን በስተቀኝ በኩል የሚተፋው አውቶማቲክ በፊቷ ላይ ያሳልፍባታል፤ የሚታጠፈው ግን ለግራም ለቀኝም አንድ ነው። የሰደፉ ርዝመትም አለ። ለአዋቂ ወንድ የሚሠራው ሰደፍ 14 ኢንች ተኩል ገደማ ስለሆነ ለእርሷ ይረዝማል፤ ጠመንጃ ሠሪ ሰደፉን አሳጥሮ፣ የቆረጠውን ቁራጭ አስቀምጦ፣ ስታድግ መልሶ ይገጥመዋል።

በ32ኛው መልስ የገዛሁትን አሳወቅኩ። ያገለገለ፣ ተነባባሪ በርሜል ያለው፣ ባለ 3 ኢንች 20 ጌጅ ነው፤ 7 ፓውንድ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል፣ ቾኮቹ ይቀያየራሉ፣ የብረት ፍሬም ይችላል። የሱቁ ሰው ቀለል ያለውን ደጋግሞ ቢያቀርብልኝም እምቢ ማለቴ ሳይገርመው አልቀረም። ሰደፉ ላይ ወፍራም ላስቲክ አስገጠምኩ፤ ለልምምድ የምንተኩሰውም 25 ግራሙን ብቻ ነው። 33ኛው መልስ የ5ኛው ጸሐፊ ነበር፤ አንድ መስመር ብቻ ጽፈው ክብደቱን አመሰገኑ፣ ይህን ጊዜ ግን እርስዎ ብለውኛል። 34ኛው የ8ኛው ጸሐፊ ናቸው፤ ሁለተኛ ጠመንጃ ስገዛ 28 ጌጅን እንዳልረሳ አደራ አሉኝ። ሁለተኛ የሚለውን ቃል ባለቤቴ እንዳታየው ገጹን ዘጋሁት።

35ኛው ጸሐፊ ወረቀት ላይ ሳልተኩስ ወፍ ላይ እንዳልተኩስ አስጠነቀቁ። ሰፊ ወረቀት ተሰቅሎ ይተኮሳል፣ ፍሬው በብዛት ባረፈበት ዙሪያ 30 ኢንች ስፋት ያለው ክብ ይሣላል፣ በክቡ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ይቆጠራል። ልማዱ 40 ያርድ ላይ ነው፤ እኔ ግን የማድንበትን ርቀት ይዤ በ30 ያርድ ጀመርኩ። 36ኛው መልስ ውጤቱ ነው። ከሥራ መልስ፣ ባልደረባዬ እርሻ ላይ፣ ከካርቶን ጀርባ የቸነከርነውን የስጋ ቤት ወረቀት በ⅞ አውንስ 6 ቁጥር እርሳስ መታሁት። ልጄ የመጻፊያ እርሳሷን ይዛ እያንዳንዱን ቀዳዳ እየከበበች ቆጠረች፤ ክቡ ውስጥ 134 አገኘች። እኔ ስቆጥር 131 መጣልኝ፤ ሦስቱን ሁለት ጊዜ ቆጥረሻል ብላት አልተቀበለችም። ከክቡ በስተግራ ከላይ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ትከሻዬን አላመመኝም። የብረቱን 4 ቁጥርና የ40 ያርዱን ወረቀት ገና አልተኮስንም፤ እንደተኮስን 37ኛ አድርጌ እለጥፈዋለሁ።